ቤታችን ስለገባው «ስኳር አልባ» ነገር ምን ትላላችሁ?

የመንቲናዋ
እሁድ፣ ማታ 2:20

ሰላም የጅማ ልጆች። ጽሑፌ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

አባቴ ስኳር እንዳለበት ካወቀ 6 ዓመት አለፈው። ዕድሜውን ሙሉ ቡና ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። ክትትሉን አያቋርጥም፣ ኪኒኑን በሰዓቱ ይውጣል፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ኢንሱሊንም ይወጋል። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለን፤ ቡናው ላይ ስኳር መጨመሩን። «ይሄንንም ከከለከላችሁኝ ምን ቀረኝ?» ይላል። እንዲህ ሲል ደግሞ አንጀት ይበላል።

ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ይዞለት መጣ። ጫፏን ስትጫኗት ከምስር የማትበልጥ ነጭ ኪኒን ሲኒው ውስጥ ጠብ ታደርጋለች። አንዷ ኪኒን በአንድ ማንኪያ ስኳር ፈንታ መሆኗ ነው። አባቴ ቀመሰውና ዝም አለ። ከዚያ «ትንሽ ምላስ ላይ ይቆያል እንጂ ደህና ነው» አለ። ደስ አለን።

ነገሩ ግን እዚያ ላይ አልቆመም። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ለስላሳ ዜሮ ሆነ። ብስኩቱ «ስኳር አልባ» ሆነ። ማስቲካውም እንደዚያው። የእህቴ ልጆች «የአያታችን ለስላሳ» እያሉ ይጠጡት ጀመር፤ ማንም አልከለከላቸውም። ስኳር የለበትማ!

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት አባቴ መርፌውን ተወግቶ ቁርስ ሳይቀርብ እንግዳ መጣበት። በር ላይ ቆመው ስለ ቡና ዋጋ ሲያወሩ ቆዩ። ተመልሶ ሲገባ ሸሚዙ በላብ ረጥቧል። እጁ ይንቀጠቀጣል። የሚለው ነገር አይገባም። እናቴ «ስኳሩ ወርዷል፣ ጣፋጭ ስጡት!» ብላ ጮኸች። ሮጬ ፍሪጅ ከፈትኩ፣ ለስላሳ አወጣሁ፣ ራሴ ይዤ አጠጣሁት። ግማሽ ጠርሙስ ጠጣ። ጠበቅን። ምንም የለም። እንዲያውም ባሰበት።

ጎረቤታችን እትዬ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ጠርሙሱን ከእጄ ቀሙኝና አዩት። «ልጄ፣ ይሄ ዜሮ ነው እኮ! ስኳር የት አለው?» አሉኝ። ብርጭቆ ውሃ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር በጥብጠው እያባበሉ አጠጡት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ዓይኑ ተመለሰ። «ምን ሆናችሁ ነው የምታዩኝ?» አለን።

ያቺ ሩብ ሰዓት ከዓይኔ አልጠፋ አለች። አሁን ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። እናቴ «ካንሰር ነው የሚያመጣው፣ ጠራርጌ እጥላለሁ» ትላለች። ወንድሜ ስልክ ደውሎ «ታዲያ ወደ ስኳሩ ይመለስ?» ይላል። እኔ መሃል ላይ ነኝ። የምታውቁትን ንገሩኝ።


ነጭ ጋዋን
እሁድ፣ ማታ 3:05

እህቴ፣ እንኳን አባትሽን አተረፈላችሁ። ራስሽን አትውቀሺ። እኔ የስኳር ክትትል ክፍል ውስጥ ነርስ ሆኜ ስሠራ ዓመታት ሆኖኛል። በዜሮ የተሳሳተ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም።

ሌላው ክርክር ይቆየን። መጀመሪያ ይሄን ስኳር ያለበት ሰው ቤቱ ያለ ሁሉ ያንብብ።

የደም ስኳር መለኪያው ላይ ከ70 በታች ሲወርድ ሰውነት የሚፈልገው እውነተኛ ስኳር ነው። ጣዕሙ ምላስን ያታልላል፤ ደም ውስጥ ግን የሚገባ ነገር የለም። ስለዚህ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡ። ወይም ግማሽ ጠርሙስ መደበኛ ለስላሳ። ሁለቱም ወደ 15 ግራም ስኳር ይሰጣሉ። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ለኩ። ካልወጣ ድገሙ። ሲሻለው ምግብ ይብላ፤ አለበለዚያ ተመልሶ ይወርዳል።

ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም እንዳትጨምሩ። ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ተሸክማችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

ሌላ ደግሞ፣ መርፌ ተወግቶ ቁርስ ማዘግየት አይሆንም። እንግዳው ይጠብቅ።


አጂፕ ሰፈር
እሁድ፣ ማታ 3:40

እናትሽ ልክ ናቸው። ጣሉት። እኔ ስለ ሰው ሰራሽ ማጣፈጫ ካነበብኩ በኋላ ቤቴ አላስገባም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ አስፓርታም የሚባለው ማጣፈጫ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ብሎ አውጇል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? አያቶቻችን ማር እንጂ ኪኒን ቡና ውስጥ ሲጨምሩ አላየንም።


የፋርማሲው ተማሪ
ሰኞ፣ ጠዋት 1:15

አጂፕ ሰፈር፣ ወንድሜ፣ የጻፍከው ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ልጨምርበት። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ 4ኛ ዓመት ነኝ፤ ይሄ ርዕስ ክፍል ውስጥም አከራክሮናል።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አስፓርታምን «ምናልባት ካንሰር ሊያስከትል ይችላል» ከሚባለው ምድብ ውስጥ አስገባው። 2ለ ይባላል። ይህ ምድብ የሚናገረው ስለ ማስረጃው ነው፤ ጥርጣሬ አለ፣ ማስረጃው ግን ውስን ነው ማለት ነው። ምን ያህል ሲወሰድ ይጎዳል የሚለውን አይናገርም። የሙሉ እሬት ቅጠል ጭማቂም እዚያው ምድብ ውስጥ አለ።

ለኛ ለጅማ ሰዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቡናም እዚያ ምድብ ውስጥ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1991 ከፊኛ ካንሰር ጋር በተያያዘ ገባ፤ በ2016 እንደገና ሲታይ ወጣ። 25 ዓመት ሙሉ እናቶቻችን ከዚህ ሁሉ ሳያውቁ በሰላም አፍልተው ጠጡ። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት ከ65 ዲግሪ በላይ የሚጠጣ በጣም ትኩስ መጠጥ ከዚያ ከበድ ያለ ምድብ ውስጥ ገባ። ስለዚህ ቡናውን ትንሽ አብርዳችሁ ጠጡ።

መጠኑን ሌላ ኮሚቴ በዚያው ቀን ተናግሯል፤ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት እስከ 40 ሚሊግራም አስፓርታም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይህን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ ዜሮ ለስላሳ መጠጣት አለበት። የእህታችን አባት ሲኒ ላይ የሚጠብ ኪኒን እዚያ አጠገብ አይደርስም።

ስለዚህ «መርዝ ነው» የሚለውን አልቀበልም። «እንደልብ ይጠጣ» የሚለውንም አልቀበልም። ለምን እንደሆነ ማታ እጽፋለሁ፤ ክፍል ረፈደብኝ።


አቦል ቶና
ሰኞ፣ ጠዋት 4:30

ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ያየሁትን ልናገር።

ጅማ ስኳር ሳይገባ በፊት ቡና ይጠጣ ነበር። እናቴ ቡና የምታቀርበው በጨው ነበር። አንዳንዴ ጤና አዳም ጣል ይደረግበታል። ቅቤም የሚያደርጉ ነበሩ። ስኳር የእንግዳ ነገር ነበረ። ሠርግ ሲሆን፣ ከከተማ ሰው ሲመጣ ይወጣል። እኔ ልጅ ሆኜ ስኳር ከቁልፍ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

አሁን ልጆቼ ሲኒው ግማሽ ስኳር ካልሆነ አይጠጡም። ከታች የሚቀረውን በማንኪያ ጠርገው ይበላሉ። ቡናው የት ሄደ? የኛ ቡና እኮ በዓለም የታወቀው በጣዕሙ ነው። ጣዕሙን ስኳር ሸፈነው፤ አሁን ደግሞ ስኳሩን በኪኒን እንተካ እንላለን። ሁለቱም ሳይኖሩ የኖረ ሰው እኔ አለሁ።

ልጄ፣ አባትሽን አንድ ቀን ያለምንም ነገር አፍልተሽ ስጪው። ቡናው ደህና ይሁን ብቻ። አዲስ የተቆላ፣ ያላረረ።


ነጭ ጋዋን
ሰኞ፣ ቀን 7:10

አባቴ፣ ያሉት ልብ ይነካል። ጨው ላይ ብቻ አንድ ነገር ልበል። ስኳር ያለባቸው ብዙዎች ደም ግፊትም አላቸው። ለእነሱ ቡና በጨው ማለት ከአንዱ ሸሽቶ ወደ ሌላው መሄድ ነው። ጤና አዳሙ ግን ይሁን።

እርስዎ ስለ ሲኒው ሲናገሩ አንድ ሒሳብ ትዝ አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር ለአዋቂ በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ወደ 6 የሻይ ማንኪያ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን በየሲኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ ብንጨምር 24 ግራም ሞላን። አንዴ ቡና ተቀምጠን ስንነሳ የቀኑ አለቀ። ለስላሳ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለበት።


የጌራ ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 1:50

እኔ ንብ አናቢ ነኝ። ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀልን ነው ያደግነው። የኛን ማር ያየ ያውቀዋል፤ ከጌታማ አበባ የሚገኘው ነጩ ወተት ይመስላል። ማር ለሰው ፈውስ እንዳለው ቁርአንም ይናገራል። ታዲያ ይህን የመሰለ ነገር አገራችን ላይ እያለ አባትሽ በፋብሪካ ኪኒን ቡና የሚጠጡት ለምንድነው? አንድ ማንኪያ ንጹሕ ማር ምን ይሆናል?


ነጭ ጋዋን
ሰኞ፣ ማታ 2:30

የጌራ ልጅ፣ ማርህን አልነካም። ራሴ ሳል ሲይዘኝ የምሮጠው ወደ ማር ነው።

ግን ክፍላችን ሲመጡ ስኳራቸው 400 ደርሶ «እህል ብቻ ነው የምበላው፣ ስኳር አልነካም፣ ማር ብቻ» የሚሉኝ አባቶች አሉ። ማር ከ100 ግራሙ ወደ 80 ግራሙ ስኳር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ብቻውን 17 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ንጹሕ ይሁን ነጭ ይሁን፣ የጫካ ይሁን የጓሮ፣ ደም ውስጥ ሲገባ ስኳር ነው። ስኳር ለሌለበት ሰው በልኩ በረከት ነው። ለእህታችን አባት ግን በማር መተካት ማለት ስኳሩን ስሙን ቀይሮ መመለስ ነው።


የጌራ ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 2:55

ተረዳሁ እህቴ። ይሄን ያህል መሆኑን አላውቅም ነበር። አባቴም ስኳር አለበትና ዛሬውኑ እደውልለታለሁ።

አንድ ጥያቄ ግን። ያ ላብ ላብ የሚለው ጊዜ፣ ስኳር ሲወርድ፣ ያኔ ማር ይሆናል?


ነጭ ጋዋን
ሰኞ፣ ማታ 3:00

ያኔ ይሆናል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ራሱን ያልሳተና መዋጥ የሚችል ከሆነ።


የቆጪ ሻይ ቤት
ማክሰኞ፣ ማለዳ 12:40

እኔ ሻይ ሻጭ ነኝ፤ ሥራ ሳልጀምር ልጻፍ።

ስኳር ጠፍቶ የነበረ ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ሸማቾች ሄደን ተሰልፈን ባዶ እጃችንን እንመለስ ነበር። ሱቅ ያለው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። በዚያ ሰሞን አንድ ሰው ላስቲክ ውስጥ ያለ ነጭ ዱቄት ይዞልኝ መጣ። «አንድ ቁንጥር ለአንድ ጀበና ሻይ ይበቃል፣ ከስኳር ይረክሳል» አለኝ። ጽሑፍ የለው፣ ስም የለው፣ ቀን የለው። ጫፉን በጣቴ ቀመስኩት። መጀመሪያ ይጣፍጣል። ከዚያ ብረት የላስኩ መሰለኝ፤ ምሬቱ እስከ ምሳ ሰዓት ከአፌ አልወጣም።

አልገዛሁትም። ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን አንድ ነገር አሰብኩ። የኔ ደንበኛ «ሻይ» ሲለኝ ስኳር ያለው ሻይ መስሎት ነው። ነፍሰ ጡር ልትሆን ትችላለች። ሕፃን ይዞ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሳልነግረው ሌላ ነገር ላጠጣው አልችልም። የዚያን ሰሞን ስኳሩን ለብቻው አድርጌ፣ ሻዩን ያለ ስኳር በትንሽ ዋጋ መሸጥ ጀመርኩ። ቅርንፉድና ቀረፋውን አበዛሁበት። የሚገርመው አሁን ስኳር ተመልሶም ያለ ስኳር የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። በተለይ ባጃጅ ሹፌሮቹ።

ከፈለገ ሰው ኪኒኑን ከኪሱ አውጥቶ ይጨምር። ሻጭ ግን ተደብቆ አይጨምር። የኔ አቋም ይሄ ነው።


የፋርማሲው ተማሪ
ማክሰኞ፣ ማታ 2:10

እማማ ሻይ ቤት፣ ያ የብረት ምሬት የሳካሪን ጠባይ ነው። ላስቲኩ ውስጥ የነበረው እሱ ነው ብዬ ግን መማል አልችልም።

ሳካሪን ከሰው ሰራሽ ማጣፈጫዎች ሁሉ አንጋፋው ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ፋልበርግ የሚባል ኬሚስት አሜሪካ ውስጥ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የሚወጡ ነገሮች ላይ ሲሠራ ውሎ እጁን በደንብ ሳይታጠብ እራት ሊበላ ተቀመጠ። ዳቦው ጣፈጠው። ከስኳር 300 እጥፍ ገደማ ይጣፍጣል። በሰፊው የገባው ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስኳር ሲጠፋ ነው፤ ልክ እርስዎ እንዳሉት ስኳር ሲጠፋ ሰው ወደሱ ያያል።

ይህ ነገር ብዙ ተከሷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አይጦች ላይ የፊኛ ካንሰር ታየ ተብሎ አሜሪካ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበት ነበር። ኋላ ላይ የአይጡ ሰውነት የሚያደርገው በሰው ላይ እንደማይሠራ ታወቀና እ.ኤ.አ. በ2000 ማስጠንቀቂያው ተነሣ። አጂፕ ሰፈር፣ አንድ ነገር ደግሞ ላሳይህ። ዛሬ ማታ የጥርስ ሳሙናህን አገላብጠህ አንብብ። ብዙዎቹ ላይ ሶዲየም ሳካሪን የሚል ታገኛለህ። ሕፃናት የሚጠጡት ሽሮፕ ላይም እንዲሁ።

አሁን ወደ ቃሌ ልመለስ። «እንደልብ ይጠጣ» የማልለው ለምንድነው? የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ እነዚህን ማጣፈጫዎች ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ አትጠቀሙ ብሏል። ለረጅም ጊዜ ሲታይ ውፍረትን እንደሚቀንሱ አልተረጋገጠም። ያ ምክር ግን ቀድሞውኑ ስኳር ያለባቸውን አይመለከትም ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። የእህታችን አባት ከዚያ ውጭ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የእስራኤሉ ዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች 120 ጤነኛ ሰዎች ላይ ሞክረው ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሳካሪንና ሱክራሎስ የሚባለውን ሌላ ማጣፈጫ የወሰዱት ሰዎች ሰውነታቸው ስኳርን የሚያስተናግድበት መንገድ ተቀየረ። የአንጀት ተሕዋስያናቸውም ተቀየሩ። ሁሉም ሰው ላይ እኩል አልነበረም። ይህ ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ግን «ምንም አያደርግም፣ ዝም ብሎ ያልፋል» የሚለውን አባባል እንድጠራጠረው አድርጎኛል።


የሁለት ልጆች እናት
ረቡዕ፣ ቀን 8:25

ይሄን ሳነብ ቆይቼ ወደ ሱቅ ሄድኩ። ልጆቼ በየቀኑ ትምህርት ቤት የሚወስዱትን የዱቄት ጁስ ጀርባውን አነበብኩት። በስልኬ አጉልቼ። ጽሑፉ ከጉንዳን ያንሳል።

ስኳር አለበት። ከስኳሩ ቀጥሎ አስፓርታም አለበት። ከዚያ አሴሰልፌም ፖታሲየም የሚል አለ። እኔ ስኳር አልባ ብዬ አልገዛሁትም! ጁስ ብዬ ነው የገዛሁት። ብርቱካን ተስሎበታል። እኔ እስከ ዛሬ ስኳሩን ስፈራ ነው የኖርኩት፤ ሁለቱንም አንድ ላይ እያጠጣኋቸው።

ልጄ 15 ኪሎ ነው። ተማሪው ወንድማችን በኪሎ ነው ያልከው፤ ለልጅ እንዴት ይሰላል?


የፋርማሲው ተማሪ
ረቡዕ፣ ማታ 1:30

15 በ40 ሲባዛ 600 ሚሊግራም። አንድ ጣሳ ዜሮ ለስላሳ ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም አስፓርታም ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ አዋቂው በ9 እና በ14 ጣሳ የሚደርስበት ጣሪያ ላይ የአንቺ ልጅ በ2 ወይም በ3 ጣሳ ይደርሳል። ጁስ፣ ማስቲካ፣ ከረሜላ ሲደመር ደግሞ ማን ይቆጥራል? ለዚህ ነው ልጆች ላይ ጥብቅ የሆንኩት።

የማጣፈጫው ስም ሳይጻፍ በቁጥር ብቻም ይመጣል። ኢ የምትለዋ የፈረንጅ ፊደል ከፊት አለች፤ 950 አሴሰልፌም ነው፣ 951 አስፓርታም፣ 952 ሳይክላሜት፣ 954 ሳካሪን፣ 955 ሱክራሎስ፣ 960 ስቴቪያ። አስፓርታም ያለበት ላይ «የፊኒልአላኒን ምንጭ አለው» የሚልም ይጻፋል። ከልደት ጀምሮ ሰውነታቸው ፊኒልአላኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር መፍጨት የማይችል ጥቂት ሰዎች ስላሉ ነው፤ ለእነሱ በጭራሽ አይሆንም።


አጂፕ ሰፈር
ረቡዕ፣ ማታ 2:00

የጥርስ ሳሙናዬን አነበብኩ። አለበት።

እሺ፣ ስለ ካንሰሩ የተናገርከውን ተቀብያለሁ። ግን የልቤን ልናገር። እኔን የሚያስፈራኝ ኪኒኑ ብቻ አይደለም። ልጆቻችን ሁሉ ነገር ጣፋጭ መሆን አለበት ብለው እያደጉ ነው። ውሃ ስትሰጣቸው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ስኳር ይሁን ዜሮ፣ ምላሳቸው የለመደው አንድ ነገር ነው። ለአባቷ ኪኒኑ ይኑር። የእህቷ ልጆች ግን ከዚያ ፍሪጅ ይራቁ። እዚህ ላይ አልመለስም።


ኬክ ጋጋሪ
ረቡዕ፣ ማታ 3:15

ከእኔ ሥራ በኩል አጭር ነገር።

ደንበኞች «ስኳር አልባ ኬክ ሥራልኝ» ይሉኛል፤ አብዛኞቹ ለወላጆቻቸው ልደት። በአስፓርታም አይሆንም፤ ምድጃ ውስጥ ጣዕሙ ይጠፋል። ሱክራሎስ ሙቀት ይችላል ይባላል፤ ግን ኬኩ አይነፋም፣ አይቀላም። ስኳር ጣዕም ብቻ አይደለም፤ ገላውም እሱ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ሰው የሚረሳው ዱቄቱን ነው። «ስኳር አልባ» የተባለ ብስኩት የስንዴ ዱቄት ነው። ዱቄት ሆድ ውስጥ ስኳር ይሆናል። እህቴ፣ አባትሽ ያንን ብስኩት «የለበትም» ብለው በፓኮ እየበሉ ከሆነ ስኳራቸው የሚወጣው ከዚያ ሊሆን ይችላል። እኔ ለደንበኞቼ እውነቱን ነግሬ ትንሽ ኬክ፣ ትንሽ ስኳር፣ አንድ ቁራሽ ብቻ እላቸዋለሁ። ገበያ አጥቼበታለሁ፤ ግን የሰው አባት ነው።


የመንቲናዋ
ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ጠዋት 4:00

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጠፍቼ አይደለም፤ እየሞከርን ነበር።

ይሄን ውይይት አትሜ ለእናቴ አነበብኩላት። ኬክ ጋጋሪ የጻፈው ላይ ስደርስ ብስኩቱን አምጪው አለችኝ። እውነት ነው፣ አባቴ በቀን አንድ ፓኮ ይጨርስ ነበር። ቆሎ ተተክቷል፤ እሱም በእጅ ተሰፍሮ።

ልጆቹ ዜሮም መደበኛም አይጠጡም። የመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶ ነበር። አሁን ብርቱካን ልጠን እንሰጣቸዋለን፤ ውሃም መጠጣት ጀምረዋል። ዜሮ ለስላሳውን ከቤት አወጣነው። መደበኛው ለስላሳ አንድ ጠርሙስ ብቻ አለ፤ እናቴ በቀይ ስክሪብቶ «የአደጋ» ብላ ጽፋበት መድኃኒቱ አጠገብ አስቀምጣዋለች። ከጎኑ ትንሽ ብልቃጥ ነጭ ማር አለ። የጌራ ልጅ፣ ሰው ልከህ ያደረስክልን ነው። እናቴ መርቃሃለች።

ቡናው ላይ አቦል ቶና ያሉኝን አደረግኩ። ከእርሻው የመጣ ቡና ነበረን፤ ራሴ ቆላሁት፣ ሳላሳርር። ያለ ምንም ነገር ሰጠሁት። አባቴ አንዴ ፉት አለና አስቀመጠው። «መራራ ነው» አለ። ኪኒኗን ጨመረ። በማግስቱም እንዲሁ። በሁለተኛው ሳምንት አቦሉን በኪኒን፣ ቶናውን በግማሽ ኪኒን ጀመረ፤ በጥፍሩ ነው የሚከፍላት። በረካውን አሁን ባዶውን ይጠጣል። ከዚያ በላይ አልገፋውም። ኪኒኗ ትኑር ብለናል፤ እናቴም ዝም ብላለች።

ነጭ ጋዋን፣ አንቺ የጻፍሽውን ደግሞ ወረቀት ላይ ገልብጬ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። አራት ማንኪያ ስኳር በላስቲክ ጠቅልዬ ኮቱ ኪስ ውስጥ አደረግኩለት፤ ወደ ሂርማታ ገበያ ሲወጣ እንዲይዘው። «እኔ ሕፃን ነኝ?» ብሎ ተቆጣኝ፤ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ወረወረው።

ትናንት ኮቱን ላጥብ ኪሱን ፈተሽኩ። ሁለት ጥቅል ስኳር አገኘሁ። አንዱ የኔ ነው። ሌላው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነው፤ አባቴ ቡና ናሙና እንደሚጠቀልለው አድርጎ።